ከካሜራው ቀጥሎ ምን ልግዛ? ከደሴ የቀረበ ጥያቄና የተከተለው ሁሉ

የመነሻው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። መተዳደሪያዬ የታሪክ መምህርነት ሲሆን ቅዳሜና እሑድ ግን ካኖን 1300ዲ ካሜራዬን አንግቼ ሰርግም፣ ኒካህም፣ ክርስትናም፣ ምርቃትም የተጠራሁበት ሁሉ እሄዳለሁ። ካሜራውን ከ18-55 ሌንሱ ጋር ከገዛሁ አራት ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ የኩምሳጥኑን መሳቢያ ለልጆቹ ልብስ ስለፈለገችው ያጠራቀምሁትን የካሜራ ዕቃ ሁሉ አልጋ ላይ ዘረገፍሁት። ሁለት ፊልተር፣ ነፋስ ሲነካው የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ስታንድ፣ ከሩቅ ማንሻ ሪሞት፣ ሦስት የሌንስ ክዳን ማሰሪያ፣ ፍላሽ ላይ የሚለበስ የላስቲክ ቆብ፣ እንዲሁም እንደ እባብ የሚጠማዘዝ፣ ለምን እንደ ገዛሁት እንኳ የረሳሁት ነገር። ባለቤቴ የእያንዳንዱን ዋጋ ጠየቀችኝ፤ እኔም ግማሽ ግማሹን ቀንሼ ነገርኋት።

ስለዚህ አንድ አቋም ይዤ መጥቻለሁ። በእነዚህ አራት ዓመታት ያለ እነሱ መሥራት አልችልም የምላቸው ተጨማሪ ዕቃዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሁለተኛ ባትሪ፣ ሁለተኛ ሜሞሪ ካርድና አቧራ የምነፋበት የጎማ መንፊያ። ሌላው ሁሉ መጫወቻ ነው። የማትስማሙ ካላችሁ አስረዱኝ።

ጥያቄዬ ደግሞ ይኸውና። በጥር አጋማሽ ኮምቦልቻ ሰርግ ነበረኝ። ካሜራውን ከነቦርሳው የግቢው በር አጠገብ ባለችው ቀዝቃዛ ክፍል አሳድሬ ማለዳ በሚኒባስ ወረድሁ። በመንገዱ መሐል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ ከመንገዱ ጠርዝ ማዶ ያለውን ሁሉ ሸፍኖት ነበር። አዳራሹ ገብቼ ካሜራውን ሳወጣ ሌንሱ እንደ ሻይ ቤት መስኮት ደመነ። ብወለውለው ተመልሶ ይደምናል። ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያስሩ ካነሣኋቸው ዐሥራ አንድ ምስሎች ውስጥ የሚታየው ሁለት ነጫጭ ጥላ ብቻ ነው። የሙሽራው አጎት እስከ ዛሬ ድረስ ሰላምታ አይሰጠኝም። የሐረጎ ጉም ዳግመኛ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳይገባ፣ ውሃና እርጥበት የማያስገባ ጥሩ ቦርሳ ልገዛ ገንዘብ አዘጋጅቻለሁ። የትኛው ዓይነት ይሻላል? ጠንካራ ስታንድስ ልጨምር?

ምላሾቹ

ከላይ ያለውን ከለጠፍሁ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። ክሩ፣ ማለትም የምላሾቹ ሰንሰለት፣ እየረዘመ፣ ግማሹም ስለ ግመል እየሆነ ስለ ሄደ፣ ዘግይተው የመጡ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሣሉ። ለእነሱ ስል የተባለውን ሁሉ እንደ ተራ ቁጥሩ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ያሳጠርሁበት ሰው አይቀየመኝ።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መላሽ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ነው። በጨዋ ደንብ ሰላምታ አቅርቦ በሦስቱም ዕቃዎች እንደሚስማማ ገለጸና አራተኛ ጨመረ፦ የካርድ ማንበቢያ። ካሜራውን በገመድ ከኮምፒውተር አገናኝቶ ምስል መገልበጥ የካሜራውን ባትሪ ይጨርሳል፤ ባትሪው መሐል ላይ ቢያልቅ ደግሞ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ምስሎቹን ሁለት ቦታ ሳያስቀምጥ ካርዱን እንደማያጸዳ፣ ሲያጸዳም እዚያው ካሜራው ላይ ፎርማት እንደሚያደርግ ነገረን። ሁለተኛውን ቅጂ የያዘው ሃርድ ዲስክ የሚያድረው እኅቱ ቤት ነው። ሌባ ቢገባ ላፕቶፑንና ሃርድ ዲስኩን በአንድ እጁ አንሥቶ እንደሚሄድ ቀድሞ አስቦበታል። የእኔ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተደራርበው ነበር የሚያድሩት።

ምላሽ 2። ይህኛው ሁለተኛ ካርድ ማለት ብቻ እንደማይበቃ አስጠነቀቀ። 64 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠለት ካርድ በውስጡ የነበረው 8 ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱ አስመስሎ የተሠራ ካርድ ለካሜራው ስለ ራሱ ይዋሻል፤ ካሜራውም አምኖት መጻፉን ይቀጥላል። ስምንቱ ከሞላ በኋላ የሚነሡት ምስሎች ስማቸው በዝርዝሩ ላይ አለ፤ ሲከፈቱ ግን ወይ ግማሹ ግራጫ ነው፣ ወይም ጭራሹን አይከፈቱም። እሱ ይህን ያወቀው የእኅቱ ልጅ ከተመረቀች በኋላ ነው። ምክሩ ቀላል ነው፦ አዲስ ካርድ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ቤት ውስጥ በቪዲዮ እስከ አፉ መሙላት፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር መልሶ ገልብጦ እየከፈቱ ማየት። ካርዱ ላይ ስለሚጻፈው የፍጥነት ምልክትም አስረዳ። በክብ ውስጥ ያለው 10 ካርዱ በሴኮንድ ከ10 ሜጋባይት በታች እንደማይወርድ፣ ቪ30 ደግሞ ከ30 በታች እንደማይወርድ ያመለክታል። ለእኔ ካሜራ የመጀመሪያውም ይበቃል። የዚያኑ ሌሊት ሁለቱንም ካርዶቼን ሞላኋቸው፤ አለፉ። እንቅልፌ ግን አለፈኝ።

ምላሽ 3 እና 4። ከኮምቦልቻ የልጆች ልደት የምታነሣ አንዲት እኅት የጎማ መንፊያው ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ እስከ ዛሬ በአፏ እየነፋች በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ እንደ ነበርም አልደበቀችም። እኔ ነኝ የመለስሁላት። በአፍ ሲነፋ ምራቅ አብሮ ይወጣል። በጨርቅ መጥረግ ደግሞ ሌንሱ ላይ ያረፈችውን የአሸዋ ቅንጣት እንደ ሞረድ ማስኬድ ነው። መጀመሪያ በመንፊያው ማራገፍ፣ ከዚያ ለሌንስ በተሠራው ስስ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። አመሰገነችኝ። ይህችን እኅት አስታውሷት፤ ኋላ ተቆጥታ ትመጣለች።

ምላሽ 5። የባቲን የግመል ገበያ ነገር ያመጣው ይህ ሰው ነው። ሰኞ ሰኞ ገበያው ላይ ሲያነሣ የሚውል ሲሆን በአቧራ ነገር ልምዱ ከሁላችንም ይልቃል። ሌንስ በቀየረ ቁጥር የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍቶ እንደሚይዝ፣ ጀርባውንም ለነፋስ እንደሚሰጥ ጻፈ። ወደ ውስጥ የገባ አቧራ መኖሩን ለማወቅ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 አጥብቦ ንጹሕ ሰማይ ማንሣት ነው፤ አቧራው እንደ ዝንብ ኩስ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። በተጨመቀ ጋዝ ቆርቆሮ ውስጡን መንፋት ግን ፈሳሹን ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ሊረጨው ስለሚችል በጥብቅ ከለከለ። ከዚያ ግመሎቹን ከማንሣቱ በፊት ባለቤታቸውን እንደሚያስፈቅድ በመጨረሻው መስመር ላይ ጠቀስ አደረገ።

ምላሽ 6 እና 7። ያቺ አንድ መስመር በቃች። አንዱ የግመል ባለቤት ምን እንደሚጠይቅ፣ ሌላው ግመል ፍላሽ ሲበራበት ምን እንደሚያደርግ ጻፉ። አስደሳች ነበር፤ ለጥያቄዬ ግን አልጠቀመኝም።

ምላሽ 8። አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የኬሚስትሪ መምህር የሆነ ሰው (የት እንደሚያስተምር አልገለጸም) መልስ ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ሌንሱ የደመነው ሐረጎ ላይ ነው ወይስ አዳራሹ ውስጥ? ውሃው የነበረው በመስታወቱ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ? ስወለውለው ወዲያው ተመለሰ ወይስ ቆይቶ? ከዚያ መልሴን ሳይጠብቅ፣ ከመነሻ ጽሑፌ ላይ ሁሉንም እራሱ ለቅሞ መለሰው። አዳራሹ ውስጥ፣ በውጭ በኩል፣ ወዲያው።

ቦርሳው ምንም አላጠፋም አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ስንወርድ እኛ ሹራባችንን እናወልቃለን፤ ሌሊቱን ሙሉ የቀዘቀዘው ብረትና መስታወት ግን ቦርሳው ውስጥ እንደ ቀዘቀዘ ይወርዳል። ሞቃት አየር ከቀዝቃዛ አየር የበለጠ የውሃ ተን ይሸከማል። አዳራሹ ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ሰው የሚተነፍስበትና ወጥ የሚጨስበት ቦታ ነው። ያ እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ የተሸከመውን ውሃ እዚያው ያራግፋል። ከማቀዝቀዣ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲያልበው ጠርሙሱ ያፈስሳል የሚል ሰው እንደሌለ አስታወሰኝ። በዚህ ቦታ ላይ ትንሽ አፈርሁ።

ቀጥሎ የጻፈው ግን የበለጠ አስደነገጠኝ። ልገዛው ያሰብሁት ወፍራም ቦርሳ ነገሩን ያብሰው ነበር። ቅዝቃዜውን አፍኖ ስለሚይዝ ካሜራው ቶሎ አይሞቅም፤ አዳራሹ ውስጥ ስከፍተው ያው ድመና ይጠብቀኛል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ ካሜራውን በቀዝቃዛ ክፍል አለማሳደር። ሁለተኛ፣ ከቀዘቀዘም አዳራሹ ከመግባቴ በፊት ገና ውጭ ሳለሁ በፌስታል ጠቅልሎ አየሩን ማስወጣትና አፉን ማሰር፣ ከዚያ ውስጥ አስገብቶ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሳይነኩ መተው። ውሃው ፌስታሉ ላይ ያርፋል እንጂ ሌንሱ ላይ አያርፍም። ካሜራው ሞቆ ከወጣ በኋላ አይደምንም። ለፌስታሉ ምንም እንዳልከፍል፣ ዳቦ ስገዛ ይሰጠኝ ከነበረው እንድጠቀም መከረኝ።

ምላሽ 9። መነጽር የሚያደርግ አንድ ሰው፣ ከደሴ ብርድ ሻይ ቤት የገባ ባለ መነጽር ሁሉ ይህን እንደሚያውቅ ጽፎ የታሪክ መምህራን መነጽር አያደርጉም ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ አደርጋለሁ። አልመለስሁለትም።

ምላሽ 10። እርጥብ ካሜራ ሩዝ ውስጥ መቅበር እንደሚሻል፣ ሩዝ ከሌለ ጤፍም እንደሚሠራ የጻፈው ይህ ነው። ሁለተኛው ሐሳብ ብዙ ሰው አሳቀ።

ምላሽ 11። የኬሚስትሪው መምህር ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ጠንከር ብሎ ነበር። ጤፍ የማይገባበት ቀዳዳ ካሜራ ላይ እንደሌለ፣ ሩዝም ዱቄቱን ብቻ ትቶ እንደሚሄድ ገለጸ። እርጥበት የሚያስፈራ ሰው ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን የሲሊካ ጄል ከረጢት ይሰብስብ፤ ክዳኑ ግጥም ከሚል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከካሜራው ጋር ያስቀምጣት። የደሴ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ሌንስን በቆዳ ቦርሳ ቆልፎ ለሚያስቀምጥ ሰው አደገኛ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋ ሻጋታ ይበቅላል፤ ሽፋኑን ከበላው በኋላ ቢጠረግም ምልክቱ አይለቅም። ሌንሱን አልፎ አልፎ አውጥቶ ብርሃን ማሳየትና መጠቀም ራሱ መከላከያ ነው።

ምላሽ 12። አንድ የአምባሰል ሰው መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ወጥቶ የገጠመውን አወራ። እንደ መስቀል ቅርጽ ካላት አምባ ላይ ሌሊቱን አድሮ ጎህ ሲቀድ ሊያነሣ ቢነሣ የሞላው ባትሪ ባዶ ነኝ አለው። ሁለተኛውም እንዲሁ። የጠፋ መስሎት ሁለቱንም ጋቢው ውስጥ ብብቱ ሥር አድርጎ ጸሎቱን ቀጠለ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልሶ ሲያስገባቸው ሠሩ። ብርድ ባትሪው ውስጥ ያለውን የኬሚካል ሥራ ያዘገየዋል እንጂ አይጨርሰውም። ይህን ያነበበ ሰው ሁለተኛ ባትሪውን ቦርሳ ኪስ ውስጥ ሳይሆን ደረት ኪሱ ውስጥ እንዲይዝ መከረ። ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድሁት ይህንን ነው፤ ምንም ስለማያስወጣ ብቻ አይደለም።

ምላሽ 13፣ 14፣ 15። አንዱ ይህን አጋጣሚ አይቶ ባትሪ ሊሸጥልን መጣ። ለእኔ ካሜራ የሚሆን፣ ከኦሪጅናሉ በእጥፍ የሚጠጋ ኃይል ያለው፣ 1,500 ሚሊአምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ እንዳለው ገለጸ። የመጀመሪያው መላሽ ወዲያው ያዘው። ኦሪጅናሉ ኤልፒ-ኢ10 የሚይዘው 860 ነው፤ በዚያችው መጠን ቅርፊት ውስጥ 1,500 ከየት እንደ ገባ ይንገረን አለ። ሻጩ የመለሰው መልስ ስለ ባትሪ ሳይሆን ስለ መላሹ አስተዳደግ ነበር። ምላሽ 15 ተሰርዟል፤ የክሩ አስተዳዳሪ ነው ያነሣው። እኔ ከመሰረዙ በፊት አንብቤዋለሁ፤ ምንም አላመለጣችሁም።

ምላሽ 16። ከጠቡ በኋላ የመጣው ሰው ሚዛኑን መለሰልን። ኦሪጅናል ያልሆነ ባትሪ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ እሱ ራሱ ሦስት ዓመት የተጠቀመበት አለው። ቁጥሩን አለማመን፣ ማበጥ የጀመረውን ዕለቱን መጣል፣ ለዋናው ሥራ ግን ኦሪጅናሉን ማስቀደም ይበቃል። ለረጅም ጊዜ የማይሠራበትን ባትሪ ሙሉም ባዶም አድርጎ ሳይሆን ግማሽ ያህል ሞልቶ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያራዝመዋል። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ሌላ መቀየሪያ መግዛት የገንዘብ ብክነት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ወዲያው አለመሰካት፤ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ። አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ትርፍ ባትሪውን በእጅ ሻንጣው ይያዝ፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

ምላሽ 17። አንድ የፒያሳ ሰው ገባ። ሰርግ በማንሣት ሃያ ዓመት እንደ ቆየ በመጥቀስ ነው የጀመረው። የእኔን ሦስት ዕቃዎች የልጅ ጨዋታ አላቸው። ሰርግ የሚያነሣ ሰው ከካሜራው ቀጥሎ የሚገዛው ፍላሽ ነው፤ ያለ ፍላሽ ድንኳን ውስጥ የሚገባ ሰው የሰው ገንዘብ እየበላ ነው። አነጋገሩ መራራ ቢሆንም ስሌቱ ትክክል ነው። የ1300ዲ የራሱ ፍላሽ የጉልበት ቁጥሩ (ብርሃኑ የሚደርስበት ርቀት የሚሰላበት) 9.2 ነው። ይህን ለሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር፣ ለኤፍ 4፣ ስናካፍለው በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ባለው ስሜት) 100 የሚደርሰው 2.3 ሜትር ብቻ ነው፤ አይኤስኦውን ወደ 400 ብናሳድገው 4.6 ሜትር። ከሙሽሮቹ ኋላ ያሉት ሚዜዎች ጨለማ ውስጥ የሚቆሙት ለዚህ ነው። የውጭ ፍላሽ ያለው ደግሞ ብርሃኑን ነጭ ኮርኒስ ላይ አንጥሮ ለስላሳ ያደርገዋል። ድንኳን ውስጥ ግን ወደ ላይ ማንጠር አይሆንም፤ ጨርቁ ቀይ ወይም አረንጓዴ ከሆነ የሙሽራዋም ፊት እንዲሁ ይሆናል። ለዚያ ነጭ ወረቀት ከፍላሹ ጀርባ በላስቲክ ማሰር ይበቃል። ለፍላሹም የሚጣለውን ባትሪ ድንጋይ ሳይሆን እየተሞላ የሚሠራውን መግዛት ይሻላል፤ ቮልቱ 1.2 ቢሆንም ፍላሹን ፈጥኖ ያዘጋጀዋል።

ይህን ሁሉ ካስተማረን በኋላ፣ ደመወዝ እያላቸው በትርፍ ሰዓታቸው ሰርግ የሚያነሡ ሰዎች ዋጋ እንዳበላሹ ጨመረበት። ማንን እንደሆነ ስም አልጠራም። አያስፈልግም ነበር።

ምላሽ 18። የኮምቦልቻዋ እኅት ተቆጥታ የመጣችው እዚህ ላይ ነው። እሷ የምታነሣቸው ልጆች ወላጆች የፒያሳውን ሰው ዋጋ ቢጠየቁ ልጆቻቸው ያለ ልደት ፎቶግራፍ ያድጉ እንደ ነበር በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነገረችው። የመጀመሪያ ሰርጉን ባነሣ ጊዜ ስንት ፍላሽ እንደ ነበረውም ጠየቀችው። ለእኔ ብላ ባትቆጣም እንደ ጠበቃ ተሰማችኝ።

ምላሽ 19። ሰውየው አንድ ቀን ቆይቶ መለሰ፤ አንድም እንዳልነበረው አመነ። ከዚያ በተረፈው ትሕትና ለእኔ አንድ ጠቃሚ ነገር ነገረኝ። ርካሽ ፍላሽ ከመግዛቴ በፊት ካሜራዬ አናት ላይ ያለውን የፍላሽ መሰኪያ እንዳይ፣ መሐሉ ላይ ክብ ነጥብ መኖሯን እንዳረጋግጥ። አንዳንድ አዳዲስ አነስተኛ ካሜራዎች ያቺ ነጥብ ስለሌላቸው ተራ ፍላሽ አያበራላቸውም። እያነበብሁ ተነሥቼ ሄድሁ፤ የእኔው አላት።

ምላሽ 20 እና 21። የድንኳኑን ቀለም ለማስተካከል ነጭ ነጠላ አንሥቶ ካሜራውን በእሱ ማስማማት እንደሚቻል አንዲት ተማሪ ጻፈች። ሌላ ሰው በትሕትና አረማት፤ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጭ ጨርቅ ነጭ እንዲመስል የሚያደርግ ማድመቂያ ስለሚይዝ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ለቀለም ማስተካከያ የተሠራው ግራጫ የወረቀት ካርድ ርካሽም ትክክልም ነው። እሷም እርማቱን ተቀብላ በተራዋ እኔን አረመችኝ። መሳቢያ ውስጥ ከጣልኋቸው ሁለት ፊልተሮች አንዱ ፖላራይዘር ከሆነ አውጥቼ ወደ ሐይቅ ይዤው እንድሄድ ነገረችኝ። ፀሐይ በጎኔ በኩል ስትሆን ፊልተሩን ሳዞረው የውሃው ብልጭታ ይጠፋና ከሥር ያለው ይታያል፤ ሰማዩም ይጠቁራል። ፀሐይ ከኋላዬ ከሆነች ግን ሰማዩን አያጠቁረውም፤ ብርሃንም ይቀንሳል። ሌላኛውን የዩቪ ፊልተር በተመለከተ ለዲጂታል ካሜራ ከመስታወት ጋሻነት ያለፈ ጥቅም እንደሌለው፣ ሌሊት ደግሞ የመብራት ጥላ እንደሚፈጥር ጻፈች። ሁለቱንም የገዛሁት በአንድ ቀን፣ ስለ አንዳቸውም ሳላውቅ ነው።

ምላሽ 22። ስለ ስታንድ የጠየቅሁት ትዝ ያለው የመጀመሪያው ሰው ይህ ነው። ከጦሳ ተራራ ላይ ሆኖ የደሴን የሌሊት መብራት ያነሣል፤ ዐሥር ዐሥራ አምስት ሴኮንድ ካሜራ የሚይዝ እጅ የለም። ስታንዴ የሚንቀጠቀጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳኝ። የመሐሉን ዘንግ ወደ ላይ መምዘዝ መተው፣ ወፍራሞቹን እግሮች አስቀድሞ መዘርጋት፣ ቦርሳውን ከሥሩ ማንጠልጠል፣ ሌንሱ ላይ ያለውን የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ ማጥፋት። ለሪሞቱም ቢሆን ካሜራው ላይ ያለው የሁለት ሴኮንድ መዘግየት ይተካዋል። ስታንድ ለማይዝበት ቀን ግማሽ ኪሎ ሽምብራ በጨርቅ ከረጢት ሰፍቶ ግንብ ላይ ያስቀምጥና ካሜራውን ያስተኛበታል። ሲርበው ግን እንደማይቆላው ምሎልናል።

ምላሽ 23። አንድ አዛውንት፣ ጋሼ ብለን የምንጠራቸው፣ በወጣትነታቸው ፎቶ ቤት ሲሠሩ አንድ የፊልም ጥቅል 36 ምስል ብቻ ስለ ነበረው ሰርጉን ሙሉ በሁለት ጥቅል እንደ ጨረሱ አወጉን። ስታንዱ እንጨት ነበር፤ አይንቀጠቀጥም፣ ተሸካሚ ግን ይፈልጋል። ከዚያ ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን በደበደበበት በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ከተማ መሣሪያ ይዘው የተነሡትን ፎቶግራፍ አስታወሱን። ያን ቀን ያነሣው ሰው ስታንድ ለመትከል ጊዜ ነበረው ብለን እንደምናስብ ጠየቁን።

ምላሽ 24። እዚህ ላይ እኔ ራሴን መግታት አቅቶኝ ስለዚያ ቀን ረዘም ያለ ጽሑፍ ጻፍሁ። አላሳጥረውም፤ ክሩ ላይ አለ።

ምላሽ 25። አንድ ሰው ስለ ካሜራ ዕቃ ሊያነብ ገብቶ የታሪክ ክፍል ውስጥ እንደ ተቀመጠ በቁጣ ጻፈ። ልክ ነው።

ምላሽ 26 እስከ 28። ስታንድ የሚለው ቃል አማርኛ ስላልሆነ ጉልቻ እንበለው፣ ሦስት ነውና፣ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሁለተኛው ጉልቻ እንደማይታጠፍ ተቃወመ። የፒያሳው ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕድል የሚያልፈው አይደለም፤ ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም የሚለውን ተረት ብቻ ለጥፎ ወጣ። እስከ አሁን ከሁሉም ምላሾች ብዙ ሰው የወደደው ይህ ነው።

ምላሽ 29 እና 30። መንዙማ መቅረጽ የሚፈልግ አንድ ወጣት በእኔው ዓይነት ካሜራ ላይ የትኛውን ማይክራፎን እንደሚሰካ ጠየቀ። 1300ዲ የማይክራፎን መሰኪያ የለውም፤ ምንም ቢገዛ የሚሰካበት የለም። ድምፁን በስልክ ከድቤው ራቅ፣ ከአዚያሚው ቀረብ አድርጎ እንዲቀዳ፣ ሲጀምርም ካሜራው ፊት አንዴ እንዲያጨበጭብ ተነገረው፤ በኋላ ምስልና ድምፁን በጭብጨባው ያገጣጥማቸዋል።

ምላሽ 31። የመጨረሻው የእኔ ነው። ቦርሳውን አልገዛሁም። በገንዘቡ መሐሏ ነጥብ ያላት ካሜራዬ የምትቀበለው ያገለገለ ፍላሽና አራት የሚሞሉ ባትሪ ድንጋዮች ገዛሁ፤ ሦስት ብቻ ያልሁትን አራት አድርጌ አሻሽያለሁ። ሃርድ ዲስኩ አማቴ ቤት ሄዷል። ባለፈው ቅዳሜም ኮምቦልቻ ሌላ ሰርግ ነበረኝ። ካሜራውን ምሽቱን ምድጃ ካለበት ክፍል ባሳድረውም በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ስለ ተጫነ ሐረጎን በብርድ ነው የወረደው። አዳራሹ በር ላይ በፌስታል ጠቅልዬ፣ አየሩን አስወጥቼ፣ አፉን አሰርሁና ገባሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፌስታሉ ላቡ ጠብ ጠብ ሲል ውስጡ ያለው ሌንስ ደረቅ ነበር። ወንበር ላይ አስቀምጬው ፍላሹን ሳስተካክል የሙሽራዋ እናት መጡ፤ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ለምን ተቸገርህ ብለው ዳቦ ይዤ የመጣሁ መስሏቸው ፌስታሉን አንሥተው ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ።